ለወንዝ ሥራ የትኛው ዌደር ይሻላል? (መገጭ፣ አንገረብ፣ ድርማ)

ሰኔ_ሠላሳ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ጎንደር ላይ ፍሰት የምንለካና የውሃ ናሙና የምንወስድ አምስት የመስክ ሠራተኞች ነን፤ ሦስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ሥራው መገጭ አዘዞ በኩል፣ አንገረብ፣ ከተማ ውስጥ ቀሃና ሽንታ፣ ከዚያ ወርዶ ደንቢያ ሜዳ ላይ ድርማና የመገጭ የታችኛው ክፍል ነው። እስካሁን በተራ የጎማ ቦት ነው የሚሠራው። ውሃው ከጉልበት ሲያልፍ ቦቱ ይሞላል፣ ሥራውም እዚያው ይቆማል።

አሁን ለዌደር (ያ እስከ ደረት የሚደርሰው፣ ቦት ያለው የውሃ ቱታ) በጀት ተፈቅዷል። ሰኔ 30 በጀት ከመዘጋቱ በፊት ግዥው ማለቅ አለበት። ግዥ ክፍል ስፔሲፊኬሽን አምጡ ብሏል፤ አጥብቀን ካልጻፍን የሚመጣው ርካሹ ነው። ጨርቁ ምን ይሁን? እስከ ወገብ ይበቃል ወይስ እስከ ደረት? ቦቱ አብሮ የተያያዘ ይሁን ወይስ ለብቻው? ሶሉስ? ያልጠየቅሁት ነገር ካለም ጨምሩበት።

መለኪያ_ዘንግ

እህቴ፣ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ጨርቁ ነው። ወንዝ ውስጥ ሰው የሚጥለው ግን ሶል ስለሆነ ከታች ወደ ላይ ልሂድ።

አንገረብና የመገጭ የላይኛው ክፍል ወለላቸው ክብ ክብ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከጥቅምት በኋላ ውሃው ሲጠራ ፀሐይ ድንጋዩ ድረስ ትገባና አረንጓዴ ሙልጭልጭ ይይዘዋል። እዚያ ላይ ተራ የጎማ ሶል የረገጡት ሳሙና ነው። በገበያው ያለው ሦስት ዓይነት ነው።

ፌልት የሚባለው፣ ተጠቅጥቆ የተሠራ ወፍራም ጨርቅ ከታች የተለጠፈበት፣ ሙልጭልጭ ድንጋይ ላይ ወደር የለውም። ሸክላ አፈር ላይ ግን ጭቃው ቃጫው ውስጥ ይሞላና ልሙጥ ያደርገዋል። ቶሎ አይደርቅም፤ ከአንዱ ወንዝ ያነሳውንም ወደ ሌላው ይዞ ይሄዳል። ኒውዚላንድ በ2008 እ.ኤ.አ. ፌልት ሶልን የከለከለችው ዲዲሞ የሚባል አልጌ በዚህ መንገድ እንዳይዛመት ነው። ሁለተኛው ጥርሱ ጠለቅ ያለ ጎማ ነው፤ ጭቃና አሸዋ ላይ ጥሩ፣ አረንጓዴው ላይ ደካማ። ሦስተኛው ጎማው ላይ የብረት ጥርስ የተተከለበት ነው። ለእናንተ ይህኛው ነው፣ ጥርሱም ተንግስተን ካርባይድ ይሁን፤ ተራ ብረት ድንጋይ ላይ ቶሎ ይበላል።

ጥርስ የሌለው ቦት ከመጣላችሁ ባለ ስድስት ጎን ራስ ያለው አጭር የቆርቆሮ ቪት ራሳችሁ መትከል ትችላላችሁ። በአንድ እግር ከ12 እስከ 15 ይበቃል፤ በጠርዙ ዙሪያና በተረከዙ ላይ፣ መሃሉ ይተው። የቪቱ ርዝመት ከሶሉ ውፍረት ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ይጠር። ካልጠረ ጫፉ ሶሉን አልፎ ይወጣና ከውስጥ ያለውን ካልሲ ይበሳል። የብረት ጥርስ ልሙጥ ሲሚንቶ ላይ፣ ማለትም የድልድይ መሠረትና የግድብ ማስተንፈሻ ላይ፣ ራሱ እንደሚያንሸራትት አትርሱ።

ከፍታው እስከ ደረት ይሁን። ይህ ማለት ውሃው ደረት እስኪደርስ ትገባላችሁ ማለት አይደለም፤ ፈጣን ውሃ ውስጥ ከጭን አጋማሽ በላይ መግባት የለም። ግን ወራጅ ውሃ በሚመጣበት በኩል ሰውነት ላይ ይቆለላል። ጭን ድረስ የሆነ ውሃ ወገብ ጋ ይረጫል፤ መለኪያውን ለማንበብም ጎንበስ ይባላል። እስከ ታፋ የሚደርሰው ዓይነት የሚያገለግለው ከጉልበት በታች ለሆነ ውሃ ብቻ ነው። ከውሃው ወለል እስከ ዌደሩ አፍ ሁልጊዜ 30 ሴንቲሜትር ያህል ይቅር።

ጨርቁ ላይ ሐሳቤን አሳጥሬ ልንገርሽ። ኒዮፕሪን (የስፖንጅ ዓይነት ጎማ፣ 3.5 ወይም 5 ሚሊሜትር) የተሠራው ለቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ጎንደር ፀሐይ ላይ ከመኪና ወርዶ ወንዙ ድረስ በእግር የሚሄድ ሰው ውሃው ሳይነካው በላብ ይርሳል። ፒቪሲ (ፕላስቲክ) ርካሽ ነው፣ እሾህም ይችላል፤ ላብ አያስወጣም፣ ጉልበትና ብሽሽት ላይ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል። ጎማ ከባድ ነው፤ ግን ዕድሜ አለው፣ መጠገኑም ቀላል ነው። ላብ የሚያስወጣው ሜምብሬን (ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን) ያለው ጨርቅ ቀላል ነው፣ ይመቻል፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ቀጋና አጋም መካከል ከተሄደበት ደግሞ ይበሳል። ረጅም መንገድ በእግር ለሚሄድ ቡድን እኔ የመጨረሻውን እመርጣለሁ፣ ከጉልበት በታች ድርብ ጨርቅ ያለው ከሆነ።

የደንቢያ_ዋልካ

ጋሽ መለኪያ የተናገሩት ለድንጋዩ ልክ ነው። ከአዘዞ በታች ግን ጨዋታው ሌላ ነው፤ ዋልካ ነው፣ ዳር ዳሩ ደለል ነው።

አብሮ የተያያዘ ቦት ማጥ ውስጥ አደገኛ ነው። ቦቱ ሰፊ ስለሆነና ማሰሪያ ስለሌለው እግር ሲነሳ ቦቱ ከታች ይቀራል፣ ተረከዝ ወደ ቦቱ አንገት ይወጣል። ያኔ እግሩ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ሰውየው ወደ ፊት ይደፋል። ስለዚህ ከኒዮፕሪን የተሠራ ካልሲ የተያያዘበት ዌደር ይገዛ፤ በላዩ ለብቻው የሚጠለቅ፣ በገመድ የሚታሰር ቦት ይሁን። ገመዱ ቁርጭምጭሚቱን ስለሚይዘው ቦቱ እግር ጥሎ አይቀርም። ድንጋይ ላይም ቁርጭምጭሚት እንዳይታጠፍ ይረዳል።

የካልሲው ኒዮፕሪን ብዙውን ጊዜ 4 ሚሊሜትር ነው፤ በውስጡ ወፍራም የእግር ሹራብ ይደረጋል። ስለዚህ ቦቱ ከዘወትር ቁጥር በአንድ ይብለጥ። 42 የሚያደርግ ሰው 43 ይውሰድ። ጠባብ ከሆነ ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ ካልሲውም ጣት ጫፍ ላይ ቶሎ ይሳሳል።

የዚህ ዓይነቱ ጉዳቱ አሸዋና ጠጠር በካልሲውና በቦቱ መካከል መግባቱ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ይፈጫል። ካልሲ የሚያፈስበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ዌደሩ እግር ላይ ወደ ታች ተገልብጦ ቦቱን የሚሸፍን፣ መንጠቆ ያለው ጠጠር መከላከያ እንዳለው አረጋግጡ። በየመሃሉ ቦቱን አውልቆ ማራገፍም አይቅር።

ሌላው፦ ፍሰት መለኪያው አንድ ነጥብ ላይ ከ40 ሰኮንድ እስከ ደቂቃ ድረስ ይቆጥራል። ያን ያህል በደለል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ቀስ እያለ ይሰምጣል። በየመሃሉ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ያዛውር። ከሰመጠ በኋላ እግርን ሽቅብ ብቻ መጎተት ዋጋ የለውም፤ ከታች ባዶ ቦታ ይፈጠርና ጭቃው መልሶ ይመጥጣል። እግሩን ወደ ጎን እያወዛወዙ ውሃ በቦቱ ዙሪያ እንዲገባ ማድረግ፣ ከዚያ ተረከዝን መጀመሪያ ማውጣት ነው።

ፎጣ_ይበቃል

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ገበሬው በሬ ነድቶ በባዶ እግሩ ይሻገራል። በቁምጣ ገብቶ ወጥቶ በፎጣ ማበስ ነው።

ቀንድ_አውጣ_ለቃሚ

ፎጣ፣ ስምህ ልክ ነው፣ ሐሳብህ ግን አይደለም። ገበሬውም ልጆቹም ቢልሃርዚያ የሚይዛቸው በዚሁ መንገድ ነው። የጣና ዳር የደንቢያ አካባቢ፣ ጎርጎራ ጭምር፣ የአንጀት ቢልሃርዚያ ያለበት ነው። ጥገኛው ከባዮምፋላሪያ ቀንድ አውጣ ይወጣና በዓይን በማይታይ መጠን ውሃ ውስጥ ይዋኛል። ቆዳ ካገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ሰው ከወንዙ ወጥቶ ፎጣ እስኪያነሳ ገብቶ አልቋል።

ሰኔ ሠላሳ፣ ለአንቺ ቡድን ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ቀንድ አውጣው ያለው መሃል ወራጁ ላይ አይደለም፤ ዳር፣ ውሃው ቀዝ ያለበት፣ ሣርና ቅጠል ያለበት ቦታ ነው። ናሙና የሚቀዳውም፣ ሰው ዌደሩን የሚያስተካክለውም እዚያው ነው። ጥገኛው ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ገደማ ነው። የዳሩን ሥራ በማለዳ ጨርሱ፣ የመሃሉን ለኋላ አቆዩት።

ዌደር እግርን ይሸፍናል፣ እጅን ግን አይሸፍንም። ናሙና የሚቀዳ ሰው እስከ ክንድ የሚደርስ ወፍራም የጎማ ጓንት ያድርግ። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ የተበሳ ዌደር ከባዶ እግር ብዙም አይሻልም። በቀዳዳው የገባው ውሃ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ለሰዓታት ይቆያል፣ ሰውየውም ላብ ነው ብሎ ያልፈዋል። ካልሲው ከላይ ሳይሆን ከታች፣ በተለይ በአንድ ቦታ ብቻ ከራሰ ላብ አይደለም።

ቆዳው ውሃ የነካው ሰው ወዲያው ማድረቅና በአልኮል ማሸት አይጎዳውም፣ ግን ዋስትና አይሆንም። በማግስቱ ሄዶ ሰገራ ማስመርመር ከንቱ ነው፤ እንቁላሉ ገና አልተጀመረም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ጤና ጣቢያ ይመርመር። መድኃኒቱ፣ ፕራዚኳንቴል፣ የሚገድለው የደረሰውን ትል እንጂ ለጋውን አይደለም፤ ቸኩሎ መውሰዱ ስለዚህ አይጠቅምም።

አልቅት ሌላው ነው፤ እሱን ግን ማንኛውም ዌደር ይከለክላል።

ፎጣ_ይበቃል

እሺ፣ ተቀብያለሁ። ስሜን አልቀይርም።

ሰኔ_ሠላሳ

እናመሰግናለን። ሁለት ነገር ቀረኝ። ክረምት ላይ ሐምሌና ነሐሴ ዌደር ለብሰን መገጭ መግባት እንችላለን? ሁለተኛ፣ ለእኛ ለሴቶቹ ልኩ እንዴት ይታዘዛል? በካታሎጉ ያለው የወንድ ነው የሚመስለው።

መለኪያ_ዘንግ

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። ዌደር ውሃ እንዳይገባ ነው እንጂ ወንዙን አያሳንሰውም። መግባት አለመግባቱን የሚወስነው ስሌት ነው፤ ዳር ላይ ቆሞ ይሰላል።

ጥልቀቱን በሜትር፣ ፍጥነቱን በሜትር በሰኮንድ ያዙና አባዙት። ውጤቱ 0.9 ከደረሰ አይገባም። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ልማድ በእግርና በሰኮንድ ሲባዛ 10 ነው፤ ወደ ሜትር ሲቀየር 0.93 ይሆናል። ይህ ግን ለጠንካራ ሰው፣ ለጥሩ ወለል ነው። ድንጋዩ ሙልጭልጭ ከሆነ ወይም ሰውየው ቀላል ከሆነ እኔ ከ0.6 በላይ አላስገባም።

ፍጥነቱን ለማወቅ ዳር ላይ 10 ሜትር ለኩና ከላይ በኩል እንጨት ወርውሩ። በ10 ሰኮንድ ከደረሰ 1 ሜትር በሰኮንድ ነው፤ ጥልቀቱ 60 ሴንቲሜትር ከሆነ ብዜቱ 0.6፣ ጫፍ ላይ ናችሁ። በ6 ሰኮንድ ከደረሰ ወደ 1.7 ነው፤ በዚያው ጥልቀት 1 ይሆናል፣ ዳር ቅሩ። ለፍሰት ስሌት የወለል ፍጥነት በ0.85 ይባዛል፤ ለደኅንነት ግን ሳይቀነስ ይወሰድ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የውሃው ግፊት አራት እጥፍ እንደሚሆን አትርሱ። ሰው የሚሳሳተው ጥልቀቱን እያየ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ መገጭ ብዙ ቀን ከዚህ በላይ ነው። ያኔ መለካት ከድልድይ ላይ ነው፣ ዌደር መኪና ውስጥ ይቀመጣል። ውሃው ከልክ በታች ቢሆን እንኳ ደራሽ አለ፤ እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል። አንድ ሰው ዳር ቆሞ ሽቅብ ይመልከት። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መምጣት ከጀመረ ወይም ዳር የተተከለ ምልክት ሁለት ጣት ያህል ከተሸፈነ መሣሪያው ይቅር፣ ሰው ይውጣ።

አገባቡም ሥርዓት አለው። ፊት ወደ ውሃው መምጫ፣ ሽመል ከፊት፣ እርምጃው ወደ ጎን፣ እግር እግርን ሳያቋርጥ። ከሽመልና ከሁለት እግር ሁልጊዜ ሁለቱ መሬት ይንኩ። የሽመሉ ርዝመት ብብት ድረስ ይሁን። ስትለኩ ከመለኪያው በታችና ወደ ጎን፣ 40 ወይም 50 ሴንቲሜትር ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ሰፊ ዌደር እዚህ ላይም ጉዳት አለው፤ የሚንዘላዘል ጨርቅ ውሃውን ስለሚያውክ ንባቡን ያዛባል።

ቀንድ_አውጣ_ለቃሚ

ስለ ልኩ እኔ ልመልስ። ካታሎጉ ላይ የሚታየው ቁመት ብቻ ነው፤ ለሴት ግን ወሳኙ የዳሌ ዙሪያና የእግር ውስጥ ርዝመት ነው፣ ከብሽሽት እስከ መሬት። የወንድ ዌደር ዳሌ ላይ ተብሎ ትልቅ ሲወሰድ እግሩ ይረዝማል፣ የተረፈው ጨርቅ ጉልበት ላይ ይታጠፋል። እዚያ ሲታሽ ይሳሳል፣ ይበሳል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሰው አራት ልክ ጻፉ፦ ቁመት፣ የደረት ዙሪያ፣ የዳሌ ዙሪያ፣ የእግር ውስጥ ርዝመት። የሴት ተብሎ የሚሠራ አለ፤ በስም ጥቀሱት።

ሲመጣ ደግሞ ልኩን ቆሞ ማየት አይበቃም። ከነ ልብሱ ይለበስና አንድ እግር ወንበር ላይ ይውጣ፣ ከዚያ ቁጢጥ ይባል። ብሽሽት ላይ ወጥሮ ከያዘ ስፌቱ በሁለተኛው ወር ይከፈታል። ትከሻ ላይ ማንገቻው ወደ ታች ከጎተተም አጭር ነው።

ሳይነገር የሚታለፍ ነገር ደግሞ ሽንት ቤት ነው። ሙሉ ቀን መስክ ላይ ውሃ ላለመጠጣት መጠንቀቅ ልማድ ሆኗል፤ በዚያ ፀሐይ ለራስ ምታት ነው። የማንገቻው ዘለበት ከፊት በአንድ እጅ የሚከፈት፣ የላይኛው ክፍል እስከ ወገብ የሚጠቀለል ይሁን። ያኔ ሙሉውን ማውለቅ አያስፈልግም። ከውሃ ወጥቶ ለሚሄድበት መንገድም ወገብ ላይ ጠቅልሎ መሄድ ሙቀቱን ያቀለዋል።

አምባዛ

ዓሣ ጥናት ላይ ያለን ሰዎች በክረምት መጨረሻ ነጭ ዓሣ ከጣና ወደ መገጭና ድርማ ለመራባት ሲወጣ ከእናንተ ጋር አንድ ውሃ ውስጥ ነን። ስለ መውደቅ ማንም ስላልጻፈ ልጨምር።

ዌደር ውሃ ሲሞላ ሰውን እንደ ድንጋይ ያሰምጣል የሚባለው ልክ አይደለም። ውሃ በውሃ ውስጥ አይከብድም። ችግሩ ሰውየው መዋኘት ሲያቅተውና ዳር ሲደርስ ነው፤ ከውሃው በላይ ሲወጣ ያ ሁሉ ሊትር ክብደት ይሆንበታል፣ መነሳት ያቅተዋል። ቀበቶ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ከዳሌ አጥንት በላይ ጠበቅ ተደርጎ የሚታሰር፣ በአንድ እጅ የሚፈታ ይሁን። መዳፍ ጠፍጥፎ ለማስገባት የሚያስቸግር ከሆነ ልኩ ነው። ከዌደሩ ጋር የሚመጣው ላስቲክ ቀበቶ ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም፤ ለብቻው ይገዛ።

ከመግባት በፊት ጉልበት ድረስ ባለ ውሃ ውስጥ ቁጢጥ በሉና አየሩን በላይ አስወጡ፣ ከዚያ ቀበቶውን አጥብቁ። አየር የያዘ እግር በወደቁ ጊዜ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሚዛን ያሳጣል። በሁሉ ላይ ደግሞ ላይፍ ጃኬት፤ ዌደር በጀት ላይ ገብቶ ላይፍ ጃኬት ካልገባ ዝርዝሩ ጎደሎ ነው።

የወደቀ ሰው በጀርባው ይተኛ፣ እግሩ ወደ ውሃው መሄጃ ይሁን፣ በእጁ እየቀዘፈ ወደ ዳር ይሂድ። ውሃው ከጉልበት በታች ሳይሆን ለመቆም አይሞክር፤ እግር ድንጋይ መካከል ከተቀረቀረ ወራጁ ከላይ ይጫነዋል።

ገመድ ወገብ ላይ ታስሮ መግባት የተለመደ ነው፤ ተዉት። ዳር ያለው ሰው ሲይዝ ገመዱ ይወጠራል፣ ወራጁም የታሰረውን ሰው ወደ ታች ያሰምጠዋል። ዳር ላይ፣ ከሚለካበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሚወረወር ገመድ የያዘ ሰው ይቁም።

ጎሚስታው

እንግዲህ ሥራው ወደ እኔ የሚመጣው ሲቀደድ ነው፣ ልጻፍ። ዌደር ይዘው ወደ ጎማ ቤት የሚመጡ ሰዎች አንድ ነገር አይለዩም፦ ጎማ ነው ወይስ ፒቪሲ? ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የጎማ ማስቲሽ ጎማን እንጂ ፒቪሲን አይዝም። ፒቪሲን የሚያለሰልሰው ዘይት ቀስ እያለ ይወጣና ማስቲሹን ያሟሟዋል፤ ለሳምንት የያዘ ይመስላል፣ ከዚያ ልጣፉ እንዳለ ይነሳል። ለፒቪሲ የፒቪሲ ማጣበቂያና የፒቪሲ ቁራጭ ነው።

ለመለየት፦ የመዳብ ሽቦ ጫፉ እስኪቀላ አግሉ፣ ከማይታይ ጠርዝ ላይ ነካ አድርጉና መልሳችሁ እሳቱ ውስጥ አስገቡት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ፒቪሲ ነው። ውጭ ላይ ይሠራ፣ ጭሱ አይተነፈስ።

ቀዳዳ ፍለጋው እንደ ጨርቁ ነው። ለጎማና ለፒቪሲ አፉን ጠቅልሎ አየር መያዝ፣ የሳሙና ውሃ በብሩሽ መቀባት፣ አረፋ የሚወጣበትን በእስክሪብቶ መክበብ። ወይም ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ ወደ ውስጥ ከትቶ ከውጭ ማየት። ውሃ ሞልቶ መስቀል የሚሉም አሉ፤ ዌደሩ ከመቶ ሊትር በላይ ሊይዝ ስለሚችል ያልተቀደደውን ስፌት ይቀድደዋል። ሜምብሬን ላለው ደግሞ ውስጡን ወደ ውጭ መገልበጥና አልኮል መርጨት ነው፤ የተበሳበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ኒዮፕሪን ላይ ይህ አይሠራም።

ጥገናው፦ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ በአልኮል ይጠረግ፣ ጎማና ፒቪሲ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር። ልጣፉ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 2 ሴንቲሜትር ይለፍ፣ ማዕዘኑም ይጠጋጋ፤ ሹል ማዕዘን ከዚያው ይነሳል። ለሜምብሬንና ለኒዮፕሪን የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ነው፤ ለትንሽ ቀዳዳ ልጣፍ አያስፈልግም፣ ጠብታውን ከውስጥ በኩል ሳንቲም አክሎ መዘርጋት። ሌሊቱን ይደር፣ በማግስቱ ይለበስ። ስፌት ከሆነ ያፈሰሰው፣ ጠብታ ብቻ አይበቃም፤ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ 5 ሴንቲሜትር ድረስ ይቀባ።

እትዬ_መጋዘን

ልጆቼ፣ እቃው የሚሞተው ወንዝ ውስጥ ሳይሆን እኛ ግቢ ነው። ከመስክ እንደመጣ እርጥቡን አጣጥፎ ቆርቆሮ ኮንቴነር ውስጥ መጣል ነው ልማዱ። ሙቀቱ ፒቪሲውን ያደርቀዋል፣ የታጠፈበት መስመር ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ይሻግታል፣ የቀረውን አይጥ ይጨርሰዋል።

መጀመሪያ ጭቃው በንጹሕ ውሃ ይነሳ፣ በተለይ ሶሉ። ቀንድ አውጣ በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ለቀናት በሕይወት ሊቆይ ይችላል፤ ከድርማ ወደ አንገረብ መሸከም አይገባም። ከዚያ ከውጭም ከውስጥም ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ከደረቀ በኋላ ከእግሩ በኩል ተገልብጦ ይሰቀል። ቦታ ከሌለ ይጠቅለል እንጂ አይታጠፍ።

ከቀሃና ከሽንታ የመጣ ደግሞ ለብቻው ነው። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ነው፣ ከተማውን አቋርጦ የወጣው ቀሃ ግን የሰው ፍሳሽ ያለበት ነው። ጎማና ፒቪሲ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ለ10 ደቂቃ፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ። ሜምብሬንና ኒዮፕሪን በረኪና አይወዱም፤ እነሱን ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና። ኦሞና ማለስለሻ ሜምብሬኑ ላይ አይነካ፤ የቀረው ቅሪት ጨርቁ ውሃ እንዲመጥ ያደርገዋል፣ ጨርቁም ውሃ ከመጠጠ ላቡ መውጫ ያጣል። ደለልም እንደዚሁ ያደርጋል፣ ስለዚህ በደፈረሰ ውሃ የተለበሰ ሜምብሬን ሳይታጠብ አይሰቀል።

ርክክብ ላይ ደግሞ ሳትሞክሩ አትፈርሙ። ግቢ ውስጥ በርሜል ሙሉ፣ ሰው ለብሶ ወገብ ድረስ 15 ደቂቃ ይቁም፣ ካልሲው ውስጥ ጣት ጋና ተረከዝ ጋ ደረቅ ሶፍት ይደረግ። ሲወጣ ሶፍቱ ከራሰ ዕቃው ይመለስ። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ከተቆረጠ በኋላ ተመላሽ የሚባል ነገር አስቸጋሪ ነው።

ሰኔ_ሠላሳ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። ረቂቁን እነሆ፣ ቀዳዳ ካለበት ንገሩኝ፦

«ዌደር፣ እስከ ደረት የሚደርስ፣ ላብ የሚያስወጣ ባለ ሜምብሬን ጨርቅ፣ ከጉልበት በታች ድርብ፣ ስፌቱ ከውስጥ በቴፕ የታሸገ፣ 4 ሚሊሜትር የኒዮፕሪን ካልሲ፣ ጠጠር መከላከያ ያለው፤ ብዛት 5፣ ሁለቱ የሴት፣ ልክ በአባሪ። ቦት በገመድ የሚታሰር፣ የጎማ ሶል ከተንግስተን ካርባይድ ጥርስ ጋር፤ ብዛት 5 ጥንድ። ቀበቶ 5 ሴንቲሜትር፤ ብዛት 5። ላይፍ ጃኬት፤ ብዛት 5። የሚወረወር ገመድ 20 ሜትር፤ ብዛት 2። የጥገና ማጣበቂያ። ርክክብ በበርሜል ሙከራ።»

መለኪያ_ዘንግ

ጥሩ ነው። ሁለት ማስተካከያ። አንደኛ፣ ቀሃና ሽንታ ውስጥ ጠርሙስ ስባሪና ሽቦ አለ፤ ውዱን ሜምብሬን እዚያ አታስገቡት። አብሮ የተያያዘ ቦት ያለው ወፍራም ፒቪሲ ሁለት ጨምሩ፣ ለከተማው ብቻ። እዚያ ያለው ውሃ በጋ ላይ ጥልቀት የለውም፣ መንገዱም አጭር ነው፣ በበረኪናም ይታጠባል። ስፌቱ በሙቀት የተበየደ ይሁን እንጂ በሙጫ የተያያዘ አይሁን።

ሁለተኛ፣ «ላብ የሚያስወጣ» ብቻ ከተጻፈ ማንም ነጋዴ ናይሎን አምጥቶ ነው ይላል። «ባለ 3 ሽፋን ወይም ከዚያ በላይ፣ ከጉልበት በታች ባለ 5 ሽፋን» ብላችሁ ጻፉ፣ ናሙና ከፕሮፎርማው ጋር እንዲቀርብም ጠይቁ።

የደንቢያ_ዋልካ

እኔም አንድ። የቦቱ ቁጥር ከእግር ቁጥር በአንድ እንደሚበልጥ አባሪው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ግዥ ክፍል «ስህተት ነው» ብሎ ወደ እግር ቁጥሩ ሊያስተካክለው ይችላል።

ሰኔ_ሠላሳ

ተጨምሯል። የፒቪሲዎቹ ልክስ?

ቀንድ_አውጣ_ለቃሚ

የጋራ ስለሆኑ በቡድኑ ካለው ትልቁ እግር አንድ፣ ከመካከለኛው አንድ። ትንሽ እግር ያላት ሁለት የእግር ሹራብ ደርባ ትለብሳለች፤ በትንሽ ቦት ውስጥ ትልቅ እግር ግን አይገባም። የየሰው ውስጥ ካልሲም የግል ይሁን፣ በጋራ ቦት የእግር ፈንገስ ይዛመታል።

ጎሚስታው

የፒቪሲ ማጣበቂያና ቁራጭ ጨርቅ ዝርዝሩ ላይ የለም። ያለችው «የጥገና ማጣበቂያ» ብቻ ናት፤ በዚያ አጻጻፍ የሚመጣላችሁ የጎማ ማስቲሽ ነው።